አርተር ራምቦ፤ ከሐረር በቃሬዛ የወጣው ነጋዴ

ሐረርን ለመጎብኘት የሄደ ሰው በጀጎል ግንብ ውስጥ ካሉት ጠባብ መንገዶች በአንዱ ሲያልፍ የራምቦ ቤት የሚባለውን ባለፎቅ የእንጨት ቤት ሳያይ አይመለስም። መስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት የተገጠመላቸው ይህ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ቤቱን ያሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ሲሆን፤ የተሠራውም ራምቦ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው። ራምቦ ይኖርበት የነበረው ቤት ቀድሞ በዚሁ ስፍራ ነበረ እየተባለ ስለሚነገር ስሙ ለአዲሱ ቤት ተላለፈ። የሆነ ሆኖ ከተማይቱ የእንግዳዋን ስም አልጣለችም።

ፈረንሳዮች አርተር ራምቦን የሚያውቁት በባለቅኔነቱ ነው፤ ሐረር ግን ያወቀችው በቡና ነጋዴነቱ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ሲሆን፤ በተለይ የምንመለከተው በ37 ዓመቱ የቀጠፈውን በሽታ ነው። በሽታው የጀመረው እዚሁ ሐረር ውስጥ ነው። ሰውዬው ምን እንደያዘው ሳያውቅ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ከከተማይቱ ወጣ። የሚያስደንቀው ነገር፤ እሱ እግሩን ባጣበት በዚያው ወር በሌላ አህጉር አንድ ወጣት ሐኪም ስለዚሁ ወገን በሽታ ታላቅ ጥያቄ አንሥቶ መሥራት መጀመሩ ነው። ሊቃውንት ለዚያ ጥያቄ መልስ ለማግኘት እስከ ዛሬ ድረስ በመድከም ላይ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፤ የእኛ መሆናቸው ካልተገለጠ በቀር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ራምቦ ኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ፈረንሳይ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በአልጄሪያ ያገለገለ የጦር መኮንን ነበር፤ ልጁ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ ቤተሰቡን ትቶ ሄደ። ልጆቹን ያሳደገቻቸው እናታቸው ናት። እሷም ቁጠባና ሥርዓት የምትወድ ጥብቅ ሴት ነበረች። ልጁ በትምህርቱ ከጓደኞቹ ሁሉ የላቀ ሆነ፤ በላቲን ቋንቋ በገጠመው ግጥምም ሽልማት አገኘ። ነገር ግን የትውልድ ከተማው ስለጠበበችው ገና 16 ዓመት ሳይሞላው ከቤት እየጠፋ መሄድ ጀመረ።

በ1871 ግጥሞቹን ያነበበው ታዋቂው ባለቅኔ ፖል ቬርሌን ወደ ፓሪስ ጠራው። ሁለቱ ሰዎች አብረው በለንደንና በብራስልስ ተንከራተቱ። መጨረሻው ግን ጠብ ሆነ፤ በ1873 በጁላይ ወር ቬርሌን ብራስልስ ውስጥ በሽጉጥ ተኩሶ የራምቦን የእጅ አንጓ አቆሰለና ታሰረ። ራምቦ ከዚህ በኋላ ብዙ አልጻፈም። ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ቅኔን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ ወደዚያም ሥራ ዳግመኛ አልተመለሰም። የፈረንሳይን ሥነ ጽሑፍ መንገድ የለወጡት ግጥሞች በሙሉ የተጻፉት ሌላው ወጣት ትምህርቱን በሚጨርስበት ዕድሜ ነው።

በ1875 መጨረሻ በቤተሰቡ ላይ አንድ ሐዘን ደረሰ። ታናሽ እኅቱ ቪታሊ በ17 ዓመቷ የጉልበቷ መጋጠሚያ አብጦ በዚያው ሞተች። ይህን ጉዳይ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከብዙ ዓመት በኋላ የወንድሟን ጉልበት የተመለከተ ሐኪምም በሽታው እንደ እኅቱ ያለ የመጋጠሚያ ብግነት መስሎት ነበርና።

ቅኔን ከተወ በኋላ ራምቦ እግሩ እንደመራው ሆነ። በ1876 ለኔዘርላንድ ጦር ተቀጥሮ እስከ ጃቫ ደሴት ሄደ፤ ከዚያም ከድቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በቆጵሮስ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች አለቃ ሆነ። በ1880 ወደ ዓደን ወረደና ቡና ለሚነግደው ለአልፍሬድ ባርዴና ለሸሪኮቹ ኩባንያ ተቀጠረ። ኩባንያው ወዲያው ወደ ሐረር ላከው። ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ሃያ ቀን ያህል በፈረስ በረሃውን ካቋረጠ በኋላ በዲሴምበር 1880፤ በእኛ አቆጣጠር በ1873፤ ሐረር ገባ።

በዚያን ጊዜ ሐረር በግብጾች እጅ ነበረች። ግብጾች በ1875 ይዘዋት እስከ 1885 ቆይተዋል። የከተማይቱ ግንብ ግን ከእነሱ ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። አምስት በሮች ነበሩት፤ ፀሐይ ስትገባ ይዘጋሉ። ወደ ገበያ የሚገባ ነጋዴ ሁሉ በዘበኞች ፊት ያልፋል፤ ጭነቱም ይታያል። ይህን የበርና የዘበኛ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ራምቦ በሐረር ሦስት ጊዜ ተቀምጧል። ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ እየገዛ ወደ ዓደን ይልክ ነበር። ዓረብኛ ያውቅ ነበር፤ የአገሩንም ቋንቋዎች ተማረ። በ1883 የፎቶግራፍ መሣሪያ ከፈረንሳይ አስመጥቶ ራሱንና ከተማይቱን ፎቶግራፍ አነሣ። ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀውን መግለጫ የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1884 አሳተመለት። እነሆ፤ ቅኔ የተወው እጅ የክብደትና የዋጋ ቁጥር፣ የመንገድና የውሃ ጉድጓድ ዝርዝር ይጽፍ ጀመር።

በ1885 ላባቱ ከሚባል ፈረንሳዊ ጋር ተሻርኮ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ለመሸጥ ተነሣ። ሲራራው ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ያህል ቆመ። በዚህ መካከል ላባቱ በካንሰር ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰና በ1886 ሞተ። ራምቦ ብቻውን ጉዞውን ቀጥሎ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ደረሰ። ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን ከያዙ ገና ጥቂት ሳምንት ነበር። ሽያጩ ተፈጸመ፤ ነገር ግን የሟቹ ሸሪክ ባለዕዳዎች ስለከበቡት ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ቀረ። ገንዘቡን እንዲቀበል የታዘዘለት ከሐረር ገዥ ከደጃዝማች መኰንን፤ በኋላ ከራስ መኰንን፤ ነበርና ከእንጦጦ ተነሥቶ በአዲስ መንገድ ወደ ሐረር መጣ። በ1888 ዓደን ካለ አንድ ነጋዴ ጋር ተስማምቶ በሐረር የራሱን የንግድ ቤት ከፈተ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት በዚህች ከተማ ኖረ።

በ1891 በፌብሩዋሪ ወር ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። በመጀመሪያ ቁርጥማት ነው አለ፤ ቀጥሎም የደም ሥር ማበጥ መሰለው። ለእናቱም ለደም ሥር የሚደረግ የሚለጠጥ ካልሲ እንድትልክለት ጻፈላት። ሕመሙን ያመጣብኝ የእግር ጉዞና የፈረስ ግልቢያ ነው ብሎ አሰበ። እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ቀጠለ። ጉልበቱ እያበጠና እየደነደነ፤ ጭኑና ባቱ እየከሱ ሄዱ። መራመድ ሲሳነው አልጋውን በመስኮት አጠገብ አስደርጎ፤ ጋደም እንዳለ በግቢው ውስጥ ያለውን ሚዛን እየተመለከተ ቡና ያስመዝን ነበር። ሳምንታት በዚህ ሁኔታ አለፉ። እንቅልፍ አጣ፤ ምግብም ተወ። በመጨረሻ ዕቃውን በርካሽ ሸጦ፤ ራሱ በነደፈው መልክ ሸራ የተወጠረበት ቃሬዛ አሠራና 16 ተሸካሚዎች ቀጠረ። መጋቢት 30 ቀን 1883 በእኛ አቆጣጠር፤ በአውሮፓ ኤፕሪል 7 ቀን 1891፤ ከሐረር ወጣ።

እስከ ዘይላ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጉዞው 12 ቀን ገደማ ፈጀ። ተሸካሚዎቹ በተሰናከሉ ቁጥር ሕመሙ እስከ አጥንቱ ድረስ ይሰማው ነበር። አንድ ቀን ድንኳኑን የጫኑት ግመሎች ወደ ኋላ ስለቀሩ 16 ሰዓት ሙሉ ያለ መጠለያ ዝናብ ሲመታው ቆየ። ከዘይላ በጀልባ ወለል ላይ በፍራሽ ተኝቶ ከሦስት ቀን በኋላ ዓደን ገባ። በዚያ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ወደ አስጊ ደረጃ የደረሰ የጉልበት መጋጠሚያ ብግነት መሆኑን ነገረው፤ ወደ ፈረንሳይም እንዲሄድ መከረው። ግንቦት 13 ቀን 1883 ማርሴይ ደርሶ ኮንሴፕሲዮን በሚባለው ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሞቹ ካንሰር መሆኑን ለዩና ግንቦት 20 ቀን፤ በአውሮፓ ሜይ 27 ቀን 1891፤ ቀኝ እግሩን ከጭኑ ላይ ቆረጡት።

ይህ በሽታ ምን ነበር? ደብዳቤዎቹንና የሕመሙን አካሄድ የመረመሩ ብዙዎች ሳርኮማ ከሚባለው ወገን ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ አብዛኛዎቹም ኦስቲዮሳርኮማ የተባለውን የአጥንት ካንሰር ይጠቅሳሉ። ይህ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በጉልበት አካባቢ ነው፤ በብዛት የሚይዘውም ወጣቶችን ነው። ምልክቱ ከውጋትና ከቁርጥማት ጋር ስለሚመሳሰል ያታልላል። በሥጋ ውስጥ አልፎ አጥንትን የሚያሳየው ራጅም ገና አልተገኘም ነበር፤ ሮንትገን ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ በ1895 ነው።

ያም ሆኖ በራምቦ ዘመን ሳይንስ ባዶ እጁን አልነበረም። ጀርመናዊው ሐኪም ቪርሾ በ1858 በሽታን በሕዋስ ውስጥ እንፈልገው፤ ሕዋስም ሁሉ ከሕዋስ ይወለዳል ብሎ አስተምሮ ነበር። ሕዋስ ወይም ሴል ማለት አካላችን የተገነባበት በዓይን የማይታይ ትንሽ ክፍል ነው። ራምቦ በሐረር ቡና በሚያስመዝንባቸው በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሩሲያዊው ሊቅ ሜችኒኮፍ፤ በአካል ውስጥ እየዞሩ ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሕዋሳት መኖራቸውን ጣሊያን አገር ውስጥ ተመለከተ። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቴፈን ፓጀትም በ1889 ካንሰር የሚዛመተው እንደ ዘር ነው፤ ዘር ደግሞ በተስማማው መሬት ላይ ካልወደቀ አይበቅልም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ስለዚህ ሕዋሱ፣ ዘበኛውና መሬቱ ሦስቱም ታውቀው ነበር፤ ሦስቱን ባንድነት የሚያይ ዓይን ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ኒውዮርክ እንሻገር። በዚያ ዊሊያም ኮሊ የሚባል የ29 ዓመት ቀዶ ጠጋኝ ነበር። በ1891 መጀመሪያ ሲያክማት የነበረች አንዲት የ17 ዓመት ልጃገረድ እጇ ላይ በወጣ ሳርኮማ ሞተችበት። ክንዷ ቢቆረጥም በሽታው በመላ አካሏ ተዛምቶ ነበር። ወጣቱ ሐኪም እጅግ አዘነ፤ የሆስፒታሉንም የቆዩ መዝገቦች ማገላበጥ ጀመረ። በዚያም አንገቱ ላይ ሳርኮማ የነበረበት አንድ ሰው በላዩ ላይ ኃይለኛ የቆዳ ኢንፌክሽን በያዘው ጊዜ ዕጢው እየሟሟ እንደጠፋ የሚገልጽ መዝገብ አገኘ። ሰውዬውን በከተማው ውስጥ አፈላልጎ ቢያገኘው ከሰባት ዓመት በኋላም ደኅና ነበር። ኮሊ በሜይ 1891 ተስፋ በቆረጠ ሌላ ሕመምተኛ ዕጢ ውስጥ ይህንኑ ተሐዋሲ ወጋ፤ ዕጢውም እየቀለጠ ሄዶ በሽተኛው ስምንት ዓመት ያህል ኖረ። ማርሴይ ላይ የራምቦ እግር የተቆረጠው በዚሁ ወር ነው።

የኮሊ ሕክምና ለአንዱ ሲሠራ ለሌላው አይሠራም ነበር። ራሱ ተሐዋሲው ሰው የሚገድልበት ጊዜም ነበረ። ብዙዎች አላመኑትም። ቢሆንም ያነሣው ጥያቄ ሞቶ አልቀረም። አካላችን በሽታን የሚከላከሉ ዘበኞች ካሉት ካንሰርን ለምን ዝም ብለው ያሳልፉታል? አንድ ጊዜስ ነቅተው ሲያጠፉት ሌላ ጊዜ ለምን ይተዉታል?

ለዚህ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ በዕጢው ውስጥ ማን ማን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ዕጢ የካንሰር ሕዋሳት ክምር ብቻ አይደለም። በግንብ እንደታጠረች ከተማ ነው። በውስጡ ሸፍተው ያለ ልክ የሚባዙት የካንሰር ሕዋሳት አሉ፤ ለእነሱ ደም የሚያመላልሱ ሥሮች አሉ፤ ሜችኒኮፍ ያያቸው ዓይነት ዋጮች አሉ፤ በሽተኛን ሕዋስ ለይተው የሚገድሉ ቲ ሴል የሚባሉ ዘበኞችም አሉ። ለብዙ ዘመን ሊቃውንት ከዕጢ ቁራጭ ወስደው ሁሉንም ባንድነት ፈጭተው ይመረምሩ ነበር። ይህም የመቶ ገበሬ ቡና በአንድ ጆንያ ቀላቅሎ እንደመመዘን ነው። ነጋዴው ጠቅላላ ክብደቱን ያውቃል እንጂ የማን ቡና ጥሩ፤ የማን ነቀዝ የበላው መሆኑን ሊለይ አይችልም።

ይህን ችግር የፈታው እያንዳንዱን ሕዋስ ለብቻው የማንበብ ዘዴ ነው። ሁሉም ሕዋስ በዲ.ኤን.ኤ. የተጻፈ አንድ ዓይነት ትልቅ መጽሐፍ አለው ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሁሉም አንዱን ገጽ አያነብም። በሥራ ላይ ያለው ገጽ አር.ኤን.ኤ. በሚባል ግልባጭ ይቀዳል። ስለዚህ የአንዱን ሕዋስ ግልባጮች ያነበበ ሰው ሕዋሱ ማን እንደሆነና በዚያች ሰዓት ምን ሲሠራ እንደነበረ ያውቃል። የአንድ ነጠላ ሕዋስ ግልባጮች በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበቡት በ2009 ነው። በ2015 ደግሞ ሥራውን ያፈጠነ ብልሃት ተገኘ። ከሕመምተኛው የተወሰደው ቁራጭ ሳይሞት ቶሎ ወደ ላቦራቶሪ ይደርሳል፤ ሕዋሳቱም ተለያይተው እያንዳንዳቸው በዘይት ውስጥ በሚንሳፈፍ አንድ የውሃ ጠብታ ይገባሉ። በየጠብታው ውስጥ የተለየ ምልክት የተጻፈበት ቅንጣት አለ፤ የሕዋሱ ግልባጮች ሁሉ ያንን ምልክት ይቀበላሉ። ከዚህ በኋላ ቢቀላቀሉም ችግር የለም፤ ኮምፒዩተር ምልክቱን እያየ ይህ የዚህኛው፤ ያ የዚያኛው ብሎ ይለያቸዋል። እንግዲህ የእያንዳንዱ ገበሬ ቡና ስሙ በተጻፈበት ከረጢት ገባ ማለት ነው።

በ2016 አሜሪካ ውስጥ ከ19 የቆዳ ካንሰር ሕመምተኞች የተወሰዱ 4,645 ሕዋሳት በዚህ ዓይነት አንድ በአንድ ተነበቡ። በአንድ ሰው ዕጢ ውስጥ እንኳ የካንሰር ሕዋሳት ሁሉ አንድ አለመሆናቸው ታየ። አንዱ መድኃኒት የሚገድለው ሲሆን፤ ጎረቤቱ ያንኑ መድኃኒት የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። ዘበኞቹ ቲ ሴሎችም እንዲሁ የተለያዩ ነበሩ። አንዳንዶቹ ገና ብርቱ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ከጠላት ጋር እየተፋጠጡ ብዙ ከመቆየታቸው የተነሣ ዝለዋል።

ራምቦን ገደለ በሚባለው በአጥንት ካንሰር ላይ በቻይና የተደረገ ጥናት በ2020 ወጥቷል። ከ11 ዕጢዎች የተወሰዱ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ሕዋሳት ተነበቡ፤ አንዳንዶቹ ዕጢዎች መጀመሪያ በአጥንት ላይ የወጡ፤ አንዳንዶቹ ከሕክምና በኋላ ያገረሹ፤ ሁለቱም ወደ ሳንባ የተዛመቱ ነበሩ። በአጥንቱና በሳንባው ያሉት ዋጮች አንድ ዓይነት ጠባይ እንደሌላቸው ታወቀ። አንዳንዶቹ ቲ ሴሎችም ቲጂት የሚባል የማቆሚያ ምልክት በላያቸው ላይ ተገኘ። ይህም ዘበኛው በበሩ ላይ እያለ አትንካ የሚል ትእዛዝ እንደደረሰው ያህል ነው። ፓጀት በ1889 ዘርና መሬት ያለውን ነገር ዛሬ በየሕዋሱ ስም ለመቁጠር ተችሏል።

ይህን የመሰለውን የማቆሚያ ትእዛዝ የሚሽሩ መድኃኒቶች መንገድ የከፈቱት አሜሪካዊው አሊሰንና ጃፓናዊው ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። በቆዳ ካንሰርና በአንዳንድ የሳንባ ካንሰር ብዙ ሰዎች በእነዚህ መድኃኒቶች ድነዋል። በአጥንት ካንሰር ግን እስካሁን ለብዙዎቹ ሕመምተኞች አልረዱም። እንግዲህ ሕዋስን አንድ በአንድ ማንበብ ያስፈለገው ለዚሁ ነው፤ የሐረር በር ዘበኛ ተኝቶ እንደሆነ፣ ደክሞ እንደሆነ ወይም ከሽፍታው ጋር ተስማምቶ እንደሆነ ሳይታወቅ መድኃኒቱን መምረጥ አይቻልም።

ይሁን እንጂ አንባቢ እንዳይሳሳት። ማንበብ ማዳን አይደለም። ሕዋሳቱ ሲለያዩ ማን ከማን አጠገብ እንደነበረ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሕዋሳቱን ከቦታቸው ሳያነሡ የሚያነቡ ሌሎች ዘዴዎች ተጨምረዋል። የመሣሪያውና የሥራው ዋጋ ከፍተኛ ነው። በዓለም ላይ እስካሁን የተከማቸው የዘር ንባብም በአብዛኛው ከአውሮፓ ዘር ከተወለዱ ሰዎች የተወሰደ ሲሆን፤ የአፍሪካ ድርሻ ጥቂት ነው። ዘበኞቹ በእኛ ሰው ዕጢ ውስጥ ምን እንደሚመስሉ የሚነግረን ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም፤ የራሳችን ልጆች ተምረው ሊያነቡት ይገባል።

የአጥንት ካንሰር ሕመምተኛን ዛሬም በብዛት የሚያድነው ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተለመደው መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና ነው። እግር በመቁረጥ ብቻ ይታከም በነበረበት ዘመን ከአምስት ሰው አንዱ እንኳ ቢተርፍ ነው። ዛሬ በሽታው ሳይዛመት ከተደረሰበት ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ይተርፋሉ። ከተዛመተ በኋላ የመጣ ግን ተስፋው በእጅጉ ያንሳል። ከዚህም የምንረዳው ሊቃውንት ሕዋስን አንድ በአንድ ማንበብ በቻሉበት ዘመን እንኳ የጊዜን ዋጋ የሚተካ ነገር አለመገኘቱን ነው።

አሁን ወደ ማርሴይ እንመለስ። ራምቦ በጁላይ ወር በምርኩዝ እየተደገፈ በባቡር ወደ እናቱ እርሻ ሄደ። የእንጨት እግር ተሠራለት፤ የተቆረጠው ስፍራ ግን እያበጠና እየቆጠቆጠ አላስቆመው አለ። የራስ መኰንን ደብዳቤም በዚሁ ጊዜ ተጻፈለት፤ ራስ መኰንን የእግሩን መቆረጥ ሰምተው በጣም ማዘናቸውን ገልጠውለት ነበር። ሐረር አልረሳችውም፤ እሱም ሐረርን አልረሳም። በኦገስት ወር ወደ ሞቃት አገር እመለሳለሁ ብሎ ታናሽ እኅቱን ኢዛቤልን አስከትሎ እንደገና ወደ ማርሴይ ወረደ። ነገር ግን በዚያው ሆስፒታል ተኝቶ ቀረ። ካንሰሩ በአካሉ ተዛምቶ ክንዶቹ ሰነፉ። በጣር መካከል በሐረር ያገለግለው የነበረውን ጃሚን እየደጋገመ ያነሣ ነበር፤ ገንዘብም እንዲላክለት ፈቀደ። ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ለአንድ የመርከብ ኩባንያ ዳይሬክተር ደብዳቤ አስጽፎ በስንት ሰዓት ወደ መርከቡ እንደሚወስዱት ጠየቀ። በማግሥቱ ኖቬምበር 10 ቀን 1891፤ በእኛ ኅዳር 1 ቀን 1884፤ ዐረፈ። አስከሬኑም በትውልድ ከተማው በሻርልቪል ተቀበረ።

ከራምቦ አካል ስለተወሰደ ሕዋስ ለመናገር አንችልም፤ የምንናገረው በሽታው ከሚመደብበት ወገን ተነሥተን ነው። ስለ ሕይወቱ ግን ይህን ለማለት እንችላለን። ይህ ሰው ሳርኮማ ያዘው የተባለው ከጉልበት አልፎ የሚያይ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ስለዚህ በሐረር ለብዙ ሳምንት ቁርጥማት ነው እያለ መቆየቱ አያስወቅሰውም። በዘመኑ የነበረ ሐኪምም ከእሱ የተሻለ አላወቀም። የሚያስወቅሰው ዛሬ የእኛ መቆየት ነው።

ዛሬ በሐረር ከተማ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ፤ ወጣት ሐኪሞችም በዚያ ይሠለጥናሉ። ራጅ ለማንሣት በቃሬዛ 300 ኪሎ ሜትር መጓዝና ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ነገር ግን ሌሊት የሚቀሰቅስና ሳምንታት አልፈውት የማይለቅ የጉልበት ሕመም ያለበት ተማሪ፤ ኳስ ስጫወት መታኝ እያለ ይቀመጣል። ወላጅ ወጌሻ ያሻዋል ይላል። ሠራተኛው ፈቃድ እንዳይነፈገው ፈርቶ ዝም ይላል፤ አለቃውም ወሬ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሚዛኑን እየተመለከተ በአልጋው ላይ የቀረው ነጋዴ ለእነዚህ ሁሉ ምሳሌ ነው።

በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ወጣቶች ሁለት ሥራ ይጠብቀናል። ከመካከላችን በላቦራቶሪ የሚሠራው ሕዋስ ማንበብን ይማር፤ የወገኑ ሕዋሳት በባዕድ መጽሐፍ ብቻ እንዳይነበቡ። በቢሮ የሚሠራው ደግሞ ሕመምተኛ በር ላይ ሳይጉላላ ቶሎ ወደ ሐኪም የሚደርስበትን መንገድ ያቅና። ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው አይጠቅምም፤ በበሽተኛው መዘግየት የተነሣ በመጨረሻ ቀን የመጣ ዕጢ፤ ስንት ሺህ ሕዋሱ ቢነበብ፤ ሰውየውን አይመልሰውም። ራምቦ በ1883 ዓመተ ምሕረት በጀጎል በር በኩል ሲያልፍ ዘበኞቹ ቃሬዛውን አይተው ነበር። በአካሉ ውስጥ ያለፈውን ሽፍታ ግን ያየ ሰው አልነበረም።